የመጀመሪያዋ ትእዛዝ በማን እጅ ናት?

ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ምክንያቱን ከማሽኑ ረቂቅነት ጋር ያያይዘዋል፤ ማሽኑ ስለረቀቀ ጥገናውም ረቀቀ ይላል። የሙያው ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ጥገናውን ያከበደው፣ ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነባት ትእዛዝ የምትቀመጥበት ስፍራ መለዋወጡና በዚያ ስፍራ ላይ የሚያዝዘው ሰው መራቁ ነው። ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ምንም አያውቅም፤ ዲስክ እንዳለው እንኳ የሚነግረው ትንሽ ፕሮግራም ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው ፒዲፒ-8 ኮምፒውተር ላይ ያቺ ፕሮግራም የምትገባው በጣት ነበር። ባለሙያው ከፊት ለፊት የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች እያነሳና እየጣለ ባለ 12 ቢት ትእዛዞችን አንድ በአንድ ያስገባል፤ የቀረውን ማሽኑ ራሱ ከወረቀት ጥብጣብ ያነባል። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው አልቴር 8800ም እንዲሁ ነበር። የማይክሮሶፍቱ ፖል አለን ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለማሳየት ወደ አልበከርኪ ሲበር ያቺን መጫኛ ፕሮግራም አለመጻፉ ትዝ ያለው አውሮፕላን ውስጥ ነው፤ እዚያው ጻፈውና ሲደርስ በማብሪያዎቹ አስገባው። አሰልቺ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን አልነሳ ያለን ማሽን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ሁሉ ማሽኑ ፊት በቆመው ሰው እጅ ነበር።

በነሐሴ 1981 የአይቢኤም ፒሲ ይህን ትእዛዝ በማይፋቅ ሮም ቺፕ ላይ አተመው። ባዮስ የተባለው ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ የማሽኑን አካል ይፈትሻል፤ ሁሉ ደህና ከሆነ አንድ አጭር ጩኸት ያሰማል። ጩኸት የተመረጠው ፍተሻው ሲጀመር ስክሪኑ ገና ስለማይሠራ ነው። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ ጥፋቱ ከስክሪኑ ካርድ ነው፤ ስክሪኑ ከበራ በኋላ ደግሞ 301 ሲጽፍ ኪቦርዱን፣ 201 ሲጽፍ ራሙን ማለቱ ነው። አይቢኤም የባዮሱን ሙሉ ጽሑፍ በቴክኒክ መጽሐፉ ማሳተሙም ለጠጋኞች ትልቅ ሲሳይ ሆነ። በእኔ ግምት የሙያው ወርቃማ ዘመን ይህ ነው፤ የመጀመሪያዋን ትእዛዝ ቫይረስ ሊያጠፋት ስለማይችል ጠጋኙ ጥፋቱን የሚፈልገው ሊነቀልና ሊቀየር በሚችል ዕቃ ላይ ነበር።

በ1990ዎቹ ባዮሱ እንደገና ሊጻፍበት ወደሚችል ፍላሽ ቺፕ ተዛወረ። ውጤቱ ሚያዝያ 26 ቀን 1999 ታየ፤ ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ በዚያ ቀን የዲስኩን መረጃ ብቻ ሳይሆን ባዮሱን ጭምር ደመሰሰ። እንዲህ ያለ ማሽን አይጮኽም፣ ቁጥርም አይጽፍም። ጠጋኞች ያገኙት መላ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፦ ተመሳሳይ ደህና ማዘርቦርድ አስነስተው፣ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ደህናውን ቺፕ ነቅለው የተደመሰሰውን ይሰኩና እንደገና ይጽፉበታል። ፍላሽ ባይኖር አዲስ ፕሮሰሰር በመጣ ቁጥር ቺፕ መቀየር ግድ ይሆን ነበር የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ሆኖም መጻፍን የሚከለክል ጃምፐር የነበራቸው ማዘርቦርዶች ማደስንና ጥበቃን አስታርቀው ነበር፤ ርካሽ መፍትሔ ነበር፣ ግን ሁሉም አምራች አላደረገውም።

ከ2012 ወዲህ፣ ከዊንዶውስ 8 ጋር በተስፋፋው ሴኪዩር ቡት፣ ማሽኑ የታወቀ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ማስነሻ አይቀበልም፤ ዲስኩም ብዙ ጊዜ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል። ለዚህ የሚቀርበው ጥብቅና ጠንካራ ነው፦ ሌባ ላፕቶፑን ቢወስድ መረጃውን አያገኝም፣ የዛሬው ማሽንም ብዙ ጊዜ ራሱን ይጠግናል። ሐምሌ 19 ቀን 2024 ግን ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንድ የተበላሸ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። ፋይሉን ማጥፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ነገር ግን ያልተነሳ ማሽን ኢንተርኔት ስለማይደርስ፣ ለብዙዎቹ ሰው ሄዶ በእጁ ማጥፋት ነበረበት፤ የተቆለፈ ዲስክ ሲሆን ደግሞ አስቀድሞ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠየቃል። ቁልፉ የሚገኘው ማሽኑ ፊት ከቆመው ባለሙያ ሳይሆን መዝገቡን ከያዘው ክፍል ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ማይክሮሶፍት ያስታወቀው መፍትሔ፣ ያልተነሳ ማሽን በማዳኛ ክፍሉ በኩል ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ጥገናውን ከኩባንያው እንዲቀበል የሚያደርግ ነው።