የመንዝ ሦስቱ ምድሮች

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ መቀመጫ ናት። አጠገቧ ላሎ ምድር አለ፤ መሐል ሜዳ ያለችው ደግሞ በጌራ ምድር ነው። የአገሩ ትውፊት ማማ፣ ላሎና ጌራ መንዝን ያቀኑ አባቶች ናቸው ይላል፤ እያንዳንዳቸው የያዙት መሬት በስማቸው ተጠራ። ተጠራጣሪ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆመኝ አይፈረድበትም፤ ስሙ ቀድሞ አባት በኋላ የተገኘለት አገር በዓለም ሞልቷል። ሦስቱ ሰዎች መኖር አለመኖራቸውን ልሟገት አልተነሣሁም። የእኔ ጥያቄ አስተዳደሩ ደጋግሞ ሲፈርስና ሲሠራ ስሞቹ ለምን ጸኑ የሚል ነው።

መልሱ ከአጽመ ርስት ውስጥ ይመስለኛል። መሬት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት መድረስ ነበረበት፤ ቆጠራው ከተቋረጠ ርስቱም ይቀርበታል። ጎጆ የሚከደንበትን የጓሳ ሣር ለማጨድ እንኳ ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ መወለድ ይጠየቅ ነበር። እንግዲህ ስሙን ጠብቆ ያቆየው የባለሥልጣን ጸሐፊ ሳይሆን በዳኛ ፊት የቆመው ባለርስት ነው። ጀርመን ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የሳክሶኒ ስም ከመኳንንቱ ማዕረግ ጋር ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1423 ማዕረጉ ለቬቲን ቤት ሲሰጥ ስሙ ወደ ላይኛው ኤልብ ሄደ፤ የጥንቶቹ ሳክሶኖች ሰሜን ምዕራብ አገር ግን በ1946 እንግሊዞች «ታችኛው ሳክሶኒ» ብለው አንድ ክፍለ አገር አቋቋሙበት። የመንዝ መኳንንትም ተሰደዋል። የግሼው ነጋሲ ዘሮች ከመንዝ ወርደው መቀመጫቸውን አንኮበር አደረጉ፣ የሸዋ ነገሥታት ተባሉ፤ ማማ፣ ላሎና ጌራ ግን አልተከተሏቸውም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ርስት የካቲት 1967 ዓ.ም. ከተሻረ ስሞቹም አብረው መሞት አልነበረባቸውም? በእርግጥ መንዝና ግሼ አውራጃ ፈርሷል፣ ሸዋም ተከፋፍሎ መንዝ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ገብቷል። ማማና ላሎ በአንድ ወረዳ፣ ጌራም ከቀያ ገብርኤል ጋር በሌላ ወረዳ ተጣምረው ነበር። ሲለያዩ ግን አስተዳደሩ የቀድሞዎቹን ስሞች መልሶ አነሣ። ለአሠራር እንዲመች ነው የሚል ይኖራል። ለመመቸት ቢሆን ኖሮ በመቀመጫ ከተሞቹ ስም ሞላሌ ወይም ወገሬ ማለት ይቀል ነበር፤ ጎረቤቱ ግሼ ራቤል እንኳ የከተማውን ስም ይዟል። ከጌራ የተለየው ወረዳም የአቅኚ አባት ስም አልተፈለገለትም፤ መንዝ የሚለው ከፊቱ ተጨምሮለት ቀያ ገብርኤል እንደተባለ ቀረ።