ጣና ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው

ስሙኝማ፣ የመራዊ ሰዎች፤ እህ በሉኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የውሃና የታንኳ ነገር ነው።

እናንተ ቆጋን ታውቃላችሁ፤ ተገድቦ ቆሞ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራውን። ግልገል ዓባይንም ታውቃላችሁ፤ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ በክረምት አፈር አዝሎ የሚወርደውን። ወንዝ ሲቆጣ ያስታውቃል። ይደፈርሳል፣ ይጮኻል፣ ግንድ ያንከባልላል፤ መንገደኛውም ዳር ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ውሃ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ጣና ነው። ጣና ግን የወንዝ ጠባይ የለውም። ጠዋት ባሕር ዳር የደረሰ እንግዳ ውሃው ተኝቶ ያገኘዋል፤ ዝም ብሎ ያብረቀርቃል፣ ደንገሉ እንኳ አይነቃነቅም። እንግዳው በዚህ ይታለላል።

ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ቶሎ ይግላል፣ ውሃው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ያኔ ቀዝቃዛው አየር ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ወጀብ ይጨመርበታል። የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቅ ያልሆነ ውሃ የሚራራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ገበቴ ውስጥ ያለ ውሃ ነካ ሲያደርጉት እንዴት እየዘለለ እንደሚፈስ ያየ ሰው ግን አይታለልም። እንዲህ ባለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ተሻገርን ሲሉ ሌላው ከተፍ ይላል። ዳር አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ይሰበራል። ተሳፋሪው «ደረስን» ብሎ ዕቃውን ለማንሳት በአንድ ጎን ብድግ የሚለው እዚያው ላይ ነው፤ ብዙ ርቀት በሰላም የመጣ ጀልባ ከዳር ጥቂት ክንድ ሲቀረው ሊገለበጥ የሚችለውም በዚህ ነው።

ይህን የጣና ጠባይ ከማንም በፊት ያወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃሉ፣ ነዶ ነዶውን በገመድ እየጠፈሩ ታንኳ ያደርጉታል። ምስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። ቀዛፊው በቀርቀሃ ግራ ቀኝ እያለ ይሄዳል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው ታንኳ ይኸው ነው። ከተራገፈ በኋላ ምን እንደሚደረግ አይታችሁ እንደሆነ፣ ታንኳውን ከውሃ አውጥተው ያቆሙታል። ውሃው በታችኛው ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ደንገል ውሃ ይጠጣልና ካልደረቀ በየቀኑ እየከበደ፣ ወለሉም ወደ ውሃው እየቀረበ ይሄዳል። አውራ ጣትን ነዶው ላይ ጫን ሲያደርጉት ተመልሶ ከተነሳ ደርቋል ማለት ነው፤ ጎድጉዶ ከቀረና ውሃ ካመነጨ ያ ታንኳ ሰው የሚጭንበት ቀን አልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። ለጀልባው የፈለገው ደንገል የተቆረጠው ከኛው ጣና ነው። ደንገሉ ግብፅ ድረስ ተጓጉዞ፣ ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች ጠፍረው ሠሩት፤ ስሙም «ራ» ተባለ። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ከሞሮኮ፣ ከሳፊ ወደብ ተነሱ። በጥንት ግብፃውያን የጀልባ ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የወረደች አንዲት ገመድ ትታያለች። ሄየርዳልና ሰዎቹ ግን ጫፉን አጉብጣ ለመያዝ ብቻ የገባች መስላቸው ተዉአት። ባሕር ላይ ግን የኋላው ወለል እየሰመጠ መጣ፤ ያቺ ገመድ ለካ ወለሉን ወጥራ የምትደግፍ ኖራለች። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ፣ ሐምሌ 11 ቀን ጀልባቸውን ጥለው በሌላ ጀልባ ተሳፈሩ፤ ሁሉም ተረፉ። በዓመቱ ሄየርዳል እንደገና ከጣና ደንገል አስቆረጠ። አሁን የሠሩለት ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ነዶውን አጥብቀው ጠፈሩት። «ራ 2» በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ገባች። የጣና ደንገል ውቅያኖስ ተሻገረ ብለን ብንኮራ ያምርብናል። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን የመጀመሪያዋ ጀልባ ነገር ነው። ጥንት በውሃ ላይ የኖሩ ሰዎች ያስገቧት ገመድ ያለ ምክንያት አልገባችም ነበር።

ወደ ጣና ልመልሳችሁ። ዛሬ ታንኳው እያነሰ፣ የሞተር ጀልባው እየበዛ ነው። ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ የመጣችው ትልቋ «ጣናነሽ 2»ም በ2017 ዓ.ም. ባሕር ዳር ደርሳለች። ደስ ይላል። ነገር ግን ብዙው ሰው አሁንም የሚሳፈረው በትንሿ ጀልባ ነው፤ በትንሿ ጀልባ ላይ ደግሞ ትልቁ ሥልጣን የቀዛፊው ወይም የሞተረኛው «ዛሬ አይሆንም» ማለት ነው። ይህን ሥልጣን የምንነጥቀው እኛ ተሳፋሪዎች ነን። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ ወዳለችው ዑራ ለመሻገር ወደቡ ሲጨናነቅ አስቡት። «ሁለት ሰው ብቻ ጨምርልኝ»፣ «ኧረ በእናታችን ስም»፣ «ከመሸ የት እናድራለን»፤ ብርም ይጨመራል። ሰውየው ሰማዩን አይቶ አይሆንም ያለውን፣ ፊት አይቶ ይሁን ይላል። ጀልባዋ ዝቅ ትላለች፤ ከጠርዟ እስከ ውሃው ያለው ስንዝር የማይሞላ ይሆናል። ሞተሩን እምቦጭ ቢይዘውና መሐል ላይ ቢቆም፣ ያቺን ስንዝር ማዕበሉ ወዲያው ይበላታል።

ይህ ከልክ በላይ የመጫን ልማድ ሲከፋ የት እንደሚያደርስ ወደ የመን የሚያሻግረው የባሕር መንገድ ያሳያል። ከአማራም፣ ከኦሮሚያም፣ ከትግራይም ልጆቻችን ጅቡቲ ወርደው በትንሽ ጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ብዙዎቹ መዋኘት አያውቁም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቢያንስ 200 ሰው የጫነች ጀልባ ከጅቡቲ ዳርቻ ተነሳች። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄደች አሻጋሪዎቹ «ጭነት በዛ» ብለው ወደ 80 የሚሆኑትን ባሕር ላይ ጣሏቸው። ቢያንስ 20 ሰዎች መሞታቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስታወቀ። ልብ በሉ፤ ጭነቱ የበዛው ባሕር ላይ አይደለም፣ ዳር ሳሉ ነው። ያኔ አይሆንም የሚል አልነበረም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ 260 ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች የተሳፈሩባት ጀልባ የመን ዳርቻ ሰጠመች፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ የ49 ሰዎች ሞት ተረጋገጠ፣ 140 ሰዎች የደረሱበት አልታወቀም። እኛ ዘንድ ሰኔ ሲገባ በሬ እንጠምዳለን፤ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ኃይለኛው የክረምት ነፋስ የሚጀምረው ያኔ ነው። ይህን ለልጆቻችን የነገረ አሻጋሪ የለም፤ መንገሩም እንጀራው አይደለም። የወይጦው ቀዛፊ ግን አብሮ ይሳፈራል፣ ልጅም ቤቱ ይጠብቀዋል፤ ቃሉን የማምነው ለዚህ ነው።

እናንተም ጣና ስትሻገሩ ጠዋት ተነሱ፣ ከሰዓት በፊት ተመለሱ። ላይፍ ጃኬቱን ወንበር ሥር አትተዉት፤ ታጥቃችሁ፣ ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ተቀመጡ፤ ለልጅ በልኩ ጠይቁ። ጃኬት ከሌለ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ይዛችሁ ግቡ። ሰው ውሃ ውስጥ ሲሆን ይቀላል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አንድ አዋቂ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ አድርጎ እንዲቆይ ከበቂ በላይ ነው። ማዕበል ሲመጣ ዝቅ ብላችሁ መሐል ተቀመጡ እንጂ አትነሱ። ጀልባው ቢገለበጥም ዳሩ ቅርብ መስሏችሁ ለመዋኘት አትልቀቁት፤ የእንጨትና የደንገል ጀልባ ተገልብጦም ይንሳፈፋል፣ ከሩቅ የሚታየውም እሱ ነው። ሞተረኛው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ ደግሞ ብር አትጨምሩለት፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በየብስም መንገድ አለ።