አራስ ጥየቃ

አራስ ጥየቃ ዘመድና ጎረቤት የወለደችን ሴት ምግብ ይዞ የሚጎበኝበት የኢትዮጵያ ልማድ ነው። ምጡ በሰላም ሲያበቃ እልልታ ይሰማል፤ በብዙ ቦታ ለወንድ 7፣ ለሴት 3 ጊዜ። ወዲያው ገንፎ ይገነፋል። የገብሱ ዱቄት በፈላ ውሃ ላይ እየተነሰነሰ እንዳይጓጉል በማማሰያ አጥብቆ ይታሻል፤ ሲወጣም መሃሉ ተጎድጉዶ በበርበሬ የተለወሰ ንጥር ቅቤ ይሞላበታል። የሰፈሩ ሴቶች ከዳር ከዳሩ እየቆረሱ፣ ከቅቤው እያጠቀሱ አብረው ይበላሉ።

በክርስቲያኑ ዘንድ ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይገባል፤ ባዶ እጁን መምጣት አይሆንለትም። አጥሚት በፔርሙዝ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ ይመጣል። የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ጉልበት ስለምትፈልግ ይህ ሁሉ ቅብጠት አይደለም። ከምግቡ እኩል ሊመሰገን የሚገባው ግን የጉልበት እርዳታው ነው፤ ልብስ የምታጥብ፣ እናቲቱ ትተኛ ዘንድ ሕፃኑን የምትይዝ ጎረቤት ውለታዋ ትልቅ ነው።

በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ ያኔ ድግሱ ይከተላል። የአራሷ እናት በማይገኙበት ባህር ማዶ፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ አጥሚቱን ጓደኞቿ ያደርሱላታል።