የኢሴ መቅደስና የመነኩሲቶቹ መዋጮ

እህቶቼ፣ በጃፓን ኢሴ ከተማ ያለውን ጥንታዊ የሺንቶ መቅደስ የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ዋና ቤት ዕድሜው ከ20 ዓመት አይበልጥም። ሥርዓቱ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ690 የተጀመረ ነው። በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ከእኛ ጥድ ጋር ዘመድ በሆነ እንጨት አዲስ ይሠራል። ግንዱን የከተማው ሕዝብ እየዘፈነ በገመድ ይጎትታል፤ በበዓሉ ሌሊት የፀሐይ አምላካቸው ወደ አዲሱ ቤት ትሻገራለች፤ አሮጌው ይፈርሳል። 62ኛው በ2013 ተከበረ።

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝና መጀመሪያ የጠየቅሁት ወጪውን ማን እንደቻለ ነው። ጥንት መንግሥት ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አገሩ በጦርነት ሲታመስ ገንዘቡ ጠፋ፤ የውጩ መቅደስ ከ1434 በኋላ 129 ዓመት ሳይታደስ ቆየ።

ያስቀጠሉት ሴቶች ናቸው። ሴይጁን የተባሉ የቡድሃ እምነት መነኩሲት በየአገሩ እየዞሩ መዋጮ ለመኑ። መጀመሪያ ጎብኚ ዛሬም የሚሻገረውን የኡጂን ድልድይ አሳደሱ፤ ቀጥሎ በ1563 የውጩን መቅደስ አሠሩ። ተተኪያቸው ሹዮ ደግሞ በ1585 የውጩም የውስጡም እንዲታደስ አበቁ።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የቡድሃ መነኮሳት ወደ ዋናው ቤት መቅረብ ክልክል ነበር። ላሠሩት መቅደስ የሚሰግዱት ከሩቅ ቆመው ነው።