ካይዘን በኢትዮጵያ

ካይዘን ከጃፓን ፋብሪካዎች የመነጨ የሥራ አመራር ፍልስፍና ነው። ከሥራ አስኪያጅ እስከ ጽዳት ሠራተኛ ድረስ ሁሉም የየራሱን አሠራር በጥቂት በጥቂቱ፣ ሳያቋርጥ እንዲያሻሽል ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በፋብሪካዎች፣ በአነስተኛ ኢንተርፕራይዞችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተግባራዊ ሲደረግ ቆይቷል።

ታሪክ

ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ ባለሙያዎች የቀሰመችውን የጥራት ቁጥጥር ዕውቀት በራሷ መንገድ አዳበረችው፤ የቶዮታ የአመራረት ሥርዓት ዋና ማሳያው ነው። የማሳኪ ኢማይ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1986 ቃሉን ለዓለም አስተዋወቀ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን ለቱኒዚያ የሰጠችውን ድጋፍ ተመልክተው በ2000 ዓ.ም. ለኢትዮጵያም እንዲደረግ ጠየቁ። በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የሚገኙ 30 የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የኬሚካልና የምግብ ማቀነባበሪያ ድርጅቶች ለሙከራ ተመረጡ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በኋላም የካይዘን ልህቀት ማዕከል ተብሏል።

አሠራር

መነሻው «አምስቱ ማዎች» ናቸው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ። የማያስፈልገው ዕቃ ከሥራ ቦታ ይወገዳል፤ የሚያስፈልገው መለያ ተለጥፎበት ቦታ ይያዝለታል። ቀጥሎ ሰባቱ ብክነቶች ይታደናሉ፤ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ ያለ ሥራ መጠበቅ፣ አላስፈላጊ ማጓጓዝ፣ ትርፍ ሂደት፣ የተከማቸ ዕቃ፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና እንከን ያለበት ምርት። ችግሩን የሚለዩትና መፍትሔውን የሚሞክሩት በካይዘን ልማት ቡድን የተደራጁት የክፍሉ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። ማሽኑን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው ሰው የት እንደሚያስቸግር ከማንም በላይ ያውቃልና።

በአነስተኛ ከተሞች

እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ከተሞች ለሚሠሩ የእንጨት፣ የብረታ ብረትና የልብስ ስፌት ኢንተርፕራይዞች የታሰበው መንገድ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ነው። ካይዘን ከቴክኒክ ክህሎት፣ ከቴክኖሎጂና ከሥራ ፈጠራ ጋር ከአገልግሎቱ አራት ዘርፎች አንዱ ነው። ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ካፒታል ላጠረው ወርክሾፕ ይስማማል፤ መሣሪያ ፍለጋ የሚባክን ሰዓት መቀነስ ብቻውን ትርፍ ነው።

ካይዘንና የሥራ አፈጻጸም ምዘና

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛው ውጤት በውጤት ተኮር ሥርዓት በየጊዜው ይመዘናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚተዳደሩ ድርጅቶችም የሠራተኛ የሥራ ችሎታ መቀነስ፣ በኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር፣ የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። ምዘና ያለፈውን ሥራ ይለካል፤ ካይዘን ግን ለጉድለቱ መንስኤ የሆነውን አሠራር ይፈትሻል። ሁለቱ ሲደጋገፉ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ሠራተኛ ከመወቀሱ በፊት ሥልጠናው፣ መሣሪያውና የሥራ ቅደም ተከተሉ ይመረመራሉ። ፍትሐዊ ምዘና ያለዚህ አይታሰብም።

ፈተናዎች

ከአምስቱ ማዎች ከባዱ ማዝለቅ ነው። የበላይ ኃላፊ ራሱ ወደ ሥራ ቦታው ወርዶ ካልተከታተለ፣ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሥራ ከለቀቁ ወይም ቡድኑ ሪፖርት ለመሙላት ብቻ ከተሰበሰበ፣ የተጀመረው ለውጥ ይቀለበሳል። ሠራተኛው ባመጣው ሐሳብ የተገኘውን ጥቅም ካልተጋራና የተቆጠበው ሰዓት ለቅነሳ ምክንያት ይሆናል ብሎ ከሰጋ ዕውቀቱን ለራሱ ይይዛል። ስለዚህ የካይዘን ዘላቂነት በሥራ ዋስትና፣ በማትጊያና በኃላፊው ምሳሌነት ላይ የተመሠረተ ነው።