ምርቃቱስ የታለ?

ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ የመጡትን አክስቴን ይዤ ደብረ ታቦር ውስጥ ወዳለ አንድ ሱፐርማርኬት የገባሁት ለትልቅ ጉዳይ አልነበረም። ስኳር፣ ሳሙናና ለልጆች ብስኩት ለመግዛት ነበር። አክስቴ በሩ ላይ ቆም ብለው «እንዴት ዋላችሁ?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። ክፋት ኖሮ አይደለም፤ ሰላምታውን የሚቀበል ባለሱቅ በቦታው ስላልነበረ ነው። በመደርደሪያዎቹ መካከል ቀስ እያሉ አለፉ። ከዚያ አንዱን የቅቤ ቆርቆሮ አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና መልሰው አስቀመጡት።

ሒሳብ የሚቀበለው ወጣት ዕቃውን ቆጥሮ ድምሩን ሲነግረን አክስቴ «በል ልጄ፣ የመጨረሻውን ንገረኝ» አሉት። «እማማ፣ ዋጋው ተለጥፎበታል እኮ» አላቸው ፈገግ ብሎ። «እሺ ይሁን፣ ምርቃቱስ የታለ?» ሲሉ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን የሚያስቅ አልነበረም። «ያ ቅቤ መበላሸት አለመበላሸቱን በምን ታውቀዋለህ? ሽታው የለ፣ ባለቤቱ የለ» አሉኝ። ቆርቆሮው ላይ ቀን እንደሚጻፍ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «እኔ ብቻዬን ብመጣስ?» አሉ። አክስቴ ማንበብ አይችሉም።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚህች ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ገዢ ሻጩን ያምን የነበረው በምን ነበር? ዛሬስ የሚያምነው በምንድን ነው?

ለጥያቄው መነሻ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት በመኪና መስኮት አይቷት የሚያልፋት ይፋግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ይፋግ ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎችና የቀረጥ ኬላዎች አንዷ ነበረች። ከምጽዋ በዓድዋና በጎንደር በኩል የሚወርደው ጨርቃ ጨርቅና የብርጭቆ ዶቃ፣ ከአባይ ማዶ በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በዚህ አካባቢ ያልፍ ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደነበር መደበቅ አይገባንም። አቅራቢያዋ ያለችው ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች፤ በጣና ዳርቻ ደግሞ ቆራጣ ነበረች። ሱፐርማርኬት ማለት በቃሉ «ታላቅ ገበያ» ከሆነ፣ የአክስቴ ጎረቤት የሆነችው ይፋግ ስሙን ሳትሰማ ግብሩን ይዛው ኖራለች።

በዚያ ገበያ ዋናው ገንዘብ የሚበላ ገንዘብ ነበር፤ አሞሌ ጨው። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ እየወጣ ብዙ ቀን ተጉዞ በጌምድር ይደርሳል። ርዝመቱ ከስንዝር ጥቂት ያልፋል። እንዳይሰበር በልጥ ይታሠራል፤ ምክንያቱም ጫፉ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይቀንሳል። ዝናብ ያሟሟዋል። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥርም ይወደዳል፤ በአንዱ ገበያ በአንድ ብር የሚገኘው የአሞሌ ብዛት በሌላው ገበያ አይገኝም። ታዲያ ገዢ ሁሉ መዛኝ ነበር። በጣቱ አንኳኩቶ፣ በዓይኑ ለክቶ፣ ቢያስፈልግ በምላሱ ቀምሶ ይቀበላል። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የሚለው ተረት፣ ጨው ቅመም ብቻ ሳይሆን ካዝና በነበረበት አገር ሲነገር ትርጉሙ ምን ያህል እንደሚከብድ ልብ ይሏል።

ለትልቁ ግብይት የሚያገለግለው ደግሞ ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል የሆነ የብር ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ጠገራ ሁሉ፣ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የታተመው ሳይቀር፣ ያንኑ 1780 የሚለውን ቀን ይዞ ወጣ። የአገራችን ገበያተኛ የለመደውን መልክ አጥብቆ ስለሚፈልግ፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ የጎደለውንና የተፋቀውን ይመልስ ነበር። እንግዲህ ቀኑ ሐሰት፣ ብሩ ግን እውነት ነበር። አብዛኛው ገዢ በላዩ ላይ ያለውን የላቲን ጽሕፈት አንብቦ አያውቅም። ሆኖም ገንዘቡን ይመረምር ነበር፤ ምርመራው ዓይንና ጣት እንጂ ፊደል አይጠይቅምና።

ምርቃትም የዚያ ገበያ ልጅ ነው። እህሉ በቁና፣ በርበሬው በጣሳ ተሰፍሮ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ሻጭ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ቃሉ ከሽማግሌ አፍ ከሚወጣው ምርቃት ጋር አንድ የሆነው በከንቱ አይመስለኝም። ያቺ እፍኝ «ብትመለስ አገኝሃለሁ፣ ብበድልህ ታገኘኛለህ» የምትል ውል ናት። ይህን ስል የጥንቱን ገበያ ገነት ለማድረግ አይደለም። መስፈሪያው ከሥሩ ጎድጎድ ብሎ ሰው ይበደልበት ነበር። አገር የማያውቅ እንግዳ፣ አንደበት የሌለው ድኻና የተላከ ሕፃን ክርክሩን ስለማይችሉት ሁልጊዜ አስወድደው ይገዛሉ። ገበያውም ቢሆን የጌቶች ጠብ ሰለባ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሄደዋል።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ ሲታወጅ ጠገራ ብር ከሕጋዊ ገንዘብነት የመውጫው ጉዞ ተጀመረ። በየከተማው የየመኖቹ «ዓረብ ቤት» እና የአገር ሰው ሱቅ ተስፋፋ። እዚያ እምነት የሚኖረው በዱቤ መዝገብ ውስጥ ነበር። ባለሱቁ የእናትህን ስም፣ የአባትህን ደመወዝ መቀበያ ቀንና የቤታችሁን ችግር ያውቃል። «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ቢለጥፍም ለሚያውቀው ሰው ይሰጣል።

ቀጥሎ ዘመነ ደርግ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ የቀበሌ ሱቅም ተከተለ። ስኳርና ሳሙና በቤተሰብ ቁጥር በካርድ ይታደል ጀመር። ዋጋው ተወሰነ፣ ክርክር ቀረ፣ ምርቃትም አብሮ ቀረ። ሰው በሰልፉ ላይ ተራውን የሚይዝለት ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። የተቆረጠ ዋጋን ያየነው እንግዲህ ከሱፐርማርኬት በፊት ነው። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ዕቃው ግን በአብዛኛው አልነበረም።

ሱፐርማርኬት ራሱ የተወለደው ሩቅ ነው። ገዢ ራሱ ከመደርደሪያ አንሥቶ በመውጫው ላይ የሚከፍልበት የመጀመሪያው ሱቅ የተከፈተው በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ በ1916 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱበት ሰሞን መሆኑ ነው። ባለቤቱ ክላረንስ ሳውንደርስ ይባላል። ከዚያ በፊት እዚያም ቢሆን ዕቃ የሚያወርደው ከባንኮ ኋላ የቆመ ሠራተኛ ነበር። ሳውንደርስ ያስወጣው ያንን ሠራተኛ ነው። በሠራተኛው ምላስ ፋንታ የዋጋ ወረቀትና የዕቃው ማሸጊያ ተናጋሪ ሆኑ። ወደ እኛ አገር ሐሳቡ በመጀመሪያ የደረሰው በአዲስ አበባ ነው፤ በግሪካዊ ነጋዴ ስም የተጠራው የካዛንቺሱ ባምቢስ ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው ነው። ቃላት ሲሻገሩ እንዴት እንደሚለወጡ ደግሞ ይታያችሁ። በእንግሊዝኛ የምግብ ሸቀጥ መሸጫ ማለት የሆነው «ግሮሰሪ» እኛ ዘንድ ሲደርስ ቢራ መጠጫ ሆኖ ቀረ።

ተለጣፊውን ዋጋ አልነቅፍም። የተላከ ሕፃንና አገር የማያውቅ እንግዳ ከክፉ ሻጭ ድነውበታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ አዟል። መልካም ነው። ነገር ግን ሱፐርማርኬት ባለሱቁን ከመካከል ሲያወጣው እምነቱን ሁሉ ወደ ወረቀቱ አዛወረው። ወረቀቱ ደግሞ በብዛት የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ነው። ቀኑም የሚቆጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ፊደል የቆጠረ፣ ግን በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚያስብ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ቆርቆሮ ገና ዓመታት የሚቀሩት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በጠገራው ላይ ያለው ቀን ሐሰት ቢሆንም ማንንም አላሳመመም፤ በልጆች ወተት ላይ ያለው ቀን ግን ሆድ ያሳምማል።

ነገሩን የሚያስገርመው አክስቴ ሞኝ ገዢ አለመሆናቸው ነው። ቅቤ በሽታው፣ ማር በውፍረቱ፣ ጤፍ በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ይለያሉ። የፎገራን ሩዝ ከውጭው ሩዝ አብስለው ሳይሆን ገና ጥሬውን አይተው ይነግሩዎታል። ይህ ሁሉ እውቀት በታሸገ ዕቃ ፊት ይቆማል። የይፋግ ገበያተኛ ላቲን ሳያነብ የቪየናን ብር መርምሮ ይመልስ ነበር። ልጅ ልጁ ግን በገዛ ከተማዋ ሱቅ ውስጥ የምትገዛውን መመርመር አልቻለችም።

መድኃኒቱ ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። በአማርኛ የተጻፈ፣ በእኛም ዘመን የተቆጠረ ቀን ጎላ ብሎ ቢለጠፍ ለማንበብ የሚችለው ይረዳዋል። ለማይችለው ደግሞ ሲጠየቅ የሚያነብለት አንድ ሰው በመደርደሪያዎቹ መካከል ቢቆም ለባለሱቁ ብዙ ወጪ አይደለም።

አክስቴ በማግሥቱ ቅቤያቸውን ከገበያ፣ ከሚያውቋት ሴት ገዙ። ሴትዮዋ መዝና ከጨረሰች በኋላ በጣቷ ጫፍ ትንሽ ዝቃ ጨመረችላቸው። አክስቴም እኔን ዞር ብለው አዩኝና ምንም ሳይናገሩ ቅቤውን ጠቅልለው ያዙ።