«አለሁ»፦ በቪዲዮ ጥሪ በሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና አብሮ የመሆን ስሜት

ውድ አንባቢ፣ ስልክ እያነጋገርን መስመሩ ድንገት ፀጥ ሲል ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው «አለህ?» የሚለው ቃል ነው። ከወዲያ በኩል «አለሁ» ሲባል ልባችን ያርፋል። የሥነ ልቦና ሕክምና በቪዲዮ ጥሪ ሲሰጥ ይህ የ«አለሁ» ስሜት ከየት ይመጣል? በምንስ ይጠፋል? በዚህ ጽሑፍ አብረን እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለምን አስፈለገ?

የሥነ ልቦና ሕክምና (ሳይኮቴራፒ) በመድኃኒት ሳይሆን በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ነው። ጭንቀት፣ ድባቴ ወይም ከከባድ ሐዘንና አደጋ በኋላ የሚመጣ መረበሽ ያለበት ሰው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በቀጠሮ እየተገናኘ ይታከማል። ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው። ከባሌ ሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአውቶቡስ አንድ ቀን ይፈጃል። ከሃረና ደን መንደሮች የሚነሳ ሰው ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰነቴ አምባ ተሻግሮ በቅድሚያ ጎባ መድረስ ይኖርበታል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ ስለሚሰጥ ይህን መንገድ መመላለስ ለብዙዎች የማይቻል ነው። የቪዲዮ ጥሪ ተስፋ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከየት ተነሣ?

በአሜሪካ ነብራስካ የሚገኙ የአእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 በሁለቱም ወገን በሚያሳይ ቴሌቪዥን የቡድን ሕክምና መስጠት ጀመሩ። በ1964 ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር በዚሁ መንገድ ተገናኙ። በ1980 ማርቪን ሚንስኪ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት «ቴሌፕረዘንስ» የሚለውን ቃል አስተዋወቀ፤ ትርጉሙም በአካል ርቆ ሳለ በቦታው እንዳሉ መሰማት ማለት ነው። በ1997 ማቲው ሎምባርድና ቴሬሳ ዲተን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ስሜት በመካከል ያለው መሣሪያ የተረሳበት ሁኔታ ሲሉ አብራሩት።

በ2004 በካናዳ የስቴፋን ቡሻር ቡድን ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በቪዲዮ አክሞ ነበር። ጥናቱ አነስተኛ ቢሆንም ውጤቱ ፊት ለፊት ከተሰጠው ሕክምና ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ በባለሙያውና በታካሚው መካከልም ከመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች አንሥቶ ጥሩ መተማመን ተፈጥሯል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ አሠራር በመላው ዓለም ተስፋፋ።

ስሜቱን የሚገነባው ምንድን ነው?

1. ድምፅ። ብዙዎች ዋናው ነገር ምስሉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ምስሉ ቢደበዝዝም ንግግሩ ሊቀጥል ይችላል፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም ከዘገየ ግን ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ይሻማሉ፤ እንባ የተናነቀው ሰውም የተናገረውን እንዲደግም ይጠየቃል። ኔትወርኩ ሲደክም ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይሻላል።

2. ዓይን። የስልኩ ካሜራ ከስክሪኑ በላይ ስለሚገኝ ባለሙያው ፊትዎን ሲመለከት ወደ ታች ያቀረቀረ ሊመስልዎ ይችላል። ይህ ቸል እንደማለት አይቆጠር። ስልኩን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በዓይን ትክክል አስደግፎ ትንሽ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይረዳል፤ ያን ጊዜ እጅዎና ትከሻዎም ይታያሉ።

3. ዝምታ። ለቅሶ ቤት ሄደን ምንም ሳንናገር ከሐዘንተኛው አጠገብ ብንቀመጥ እንዳጽናናን ይቆጠርልናል። በስክሪን ላይ ግን ዝምታ መስመር የተቋረጠ ያስመስላል። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ በዝምታው መካከል «አለሁ፣ ጊዜ ይውሰዱ» ማለትን ያውቃል።

4. ቋንቋ። በባሌ ብዙ ሰው አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሐዘኑን በሁለተኛ ቋንቋ ለመናገር ቃል የሚፈልግ ሰው አጠገቡ ሰው እንዳለ ለመሰማት ይቸገራል። በቪዲዮ ጥሪ ግን በራስ ቋንቋ የሚያክም ባለሙያ ከሩቅ ከተማም ሊገኝ ይችላል።

5. የሌላ ሰው ጆሮ። ይህ ከሁሉም የከፋው እንቅፋት ነው። ቤተሰብ በአንድ ክፍል በሚኖርበት ቤት ታካሚው ባለቤቱ ወይም እናቱ እየሰማች የልቡን አይናገርም። ቤተ ክርስቲያንዎ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል በሳምንት ለአንድ ሰዓት ብትፈቅድ ትልቅ እርዳታ ነው። ክፍሉን የሚሰጥ ሰው ግን ቁልፉን ሰጥቶ ይሂድ እንጂ ምን እንደተባለ አይጠይቅ።

ስክሪን የማይበቃው መቼ ነው?

ካሜራ የሚንቀጠቀጥ እግርን ወይም ለቀናት ምግብ ያልቀመሰ ሰውን ድካም በሚገባ ላያሳይ ይችላል። አንድ ሰው ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ፣ ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ከሰማ ወይም ራሱን መጠበቅ ካቃተው ቀጠሮ አይጠበቅለትም። ብቻውን ሳይተዉት ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ በሮቤና በጎባ አካባቢ ላለ ሰው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ጸሎትዎ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሂድ እንጂ መንገዱን አያዘግይ። ሕክምናው ሲጀመርም ታካሚው ያለበትን ቦታና በአጠገቡ ያለ የሚያምነውን ሰው ስልክ ቁጥር ለባለሙያው መስጠት አለበት። ያለዚያ አደጋ ቢመጣ ባለሙያው በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ እያየ ከመጨነቅ በቀር የሚያደርገው አይኖርም።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ወይም የቅርብ ሰውዎ ይህን ሕክምና ከጀመራችሁ ከሁለት ሦስት ቀጠሮ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ስናወራ ስልኩን የረሳሁበት ጊዜ ነበረ? ካልነበረ ሕክምናውን ከመተው በፊት ይህንኑ ለባለሙያው ንገሩት። የሰዓት፣ የክፍል ወይም የአቀማመጥ ለውጥ ሊበቃ ይችላል፤ ካልበቃም በአካል የሚገኝ ባለሙያ እንዲጠቁማችሁ ጠይቁ።